የስምንት ደቂቃው ቸኮላት እና የእኔ ኮባ

ወዲህ ጠጋ በሉ። ሐምሌ ነው፤ ይህ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን የእኔ ድምፅ የደወልም አይሰማም። ጋቢውን ሳቡት፣ ለሁላችንም ይበቃል።

አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። አዲስ አበባ የገቡ ልጆች እናታቸው ስትናፍቃቸው ለምንድን ነው ዕቃ የሚልኩት? ሰው የናፈቀው ሰው ራሱ ተሳፍሮ ይመጣል እንጂ ካርቶን ያሳፍራል? ቡታጅራ እኮ የዓለም ጫፍ አይደለችም፤ ቁርሱን እዚያ የበላ ሰው ለምሳ እዚህ ይደርሳል። ልጄ አልማዝ ግን ጭማቂ መፍጫ ላከች፤ ዝም አልኩ። እግር የሚያሽ ማሽን ላከች፤ ኮረኮረኝ፣ ዝም አልኩ። ማራገቢያ ላከች፤ የደረሰኝ እንዲህ ባለ ሐምሌ ነው፤ እሱንም ዝም አልኩ።

አምና በዚህ ወቅት የመጣው ግን ዝም የሚባል አልነበረም። ጥቁር፣ ሆዱ የተነፋ፣ ሲያዩት ቂም የያዘ የሚመስል ዕቃ። ኤር ፍራየር ይሉታል። ያለ ዘይት በነፋስ ይጠብሳል አለችኝ የልጅ ልጄ ምሕረት። በነፋስ ልብስ ሲደርቅ አይቻለሁ፤ በነፋስ የቤት ጣሪያ ሲሄድም አይቻለሁ። ሲጠበስ ግን አላየሁም፤ አልዋሽም።

ምሕረትን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ከተቀመጠች ወዲህ አክስቷ አልማዝ በስልክ ነጋ ጠባ ትጠራታለች፤ ነይ፣ ሱቅ አስገባሻለሁ፣ እዚያ ጭቃ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ እያለች። ልጅቷ ደግሞ ከስልኳ ላይ አይታ ቸኮላት በሆዱ የያዘ ቂጣ ቢጤ መሥራት ተማረች። መናኸሪያው ጋ ካፌ ያላት ወይዘሮ አስካለ ይህንን ሰምታ፣ ሐሙስ በአሥር ሰዓት መጥቼ እቀምሰዋለሁ፣ ከጣመኝ በየቀኑ ትሠሪልኛለሽ አለቻት። ምሕረት መጥታ ቁርጡን ነገረችኝ። ከወደደችው እዚሁ እቀራለሁ፤ ካልወደደችው ሰኞ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ።

እንግዲህ አስቡት። ሐሙስ ዕለት እዚያ ማሽን ውስጥ የሚገባው ቸኮላት ብቻ አልነበረም፤ የእኔም እርጅና አብሮ ሊጠበስ ነበር። ይህች ልጅ ከሄደች ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የምጨቃጨቀው?

ሐሙስ ደረሰ። ምሕረት ከአዲስ አበባ በበረዶ ተጠቅልሎ የመጣውን ስስ ሊጥ ዘረጋች፣ ቆራረጠች፣ መሐሉ ላይ ቸኮላት ቀባች፣ አጠፈች፣ ጠርዙን በሹካ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ እጇን ታጠበች። ይኸው ነው ወይ ብላት፣ ይኸው ነው እማማ፣ ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው አለችኝ በኩራት። ስምንት ደቂቃ! እኔ እንሰት ፍቃ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ፣ ወራት ጠብቃ ቆጮ የምትበላ ሴት ነኝ። በስምንት ደቂቃ ውስጥ እኔ ነጠላዬ የት እንደገባ ፈልጌ አልጨርስም። በስምንት ደቂቃ የደረሰ ነገር ሰው ፊት ቀርቦ አያሳፍርም ትላላችሁ?

አሥራ ሁለት ፍሬ ነበር የሠራችው። አራቱን ብቻ ማሽኑ ቅርጫት ውስጥ ደረደረችና፣ ነፋስ በመሐላቸው እንዲያልፍ መነካካት የለባቸውም አለች። ስምንቱን ትሪ ላይ ተወች። ከዚያ ጃንጥላዋን አነሣች፤ ባጃጁ የእኛን ሰፈር አያገኘውም፣ አስካለን አስፋልቱ ጋ ልቀበላት፣ ትኩሱን እንድትበላ ስንመለስ ነው የማበራው አለች። በሩ ጋ ደርሳ ዞረች፤ እማማ በሞቴ፣ እንዳትነኪው።

አልነካሁትም። ተቀምጬ አየሁት እንጂ። ሳየው ግን አንጀቴ አልቻለም። እስቲ ፍረዱኝ፣ እንግዳ ተጠርታ አራት ፍሬ ይቀርብላታል? አራት! ሰው ሲሰማ እነብርቄ ቤት ሊጥ ተቸገሩ አይልም? ደግሞ ባዶ ብረት ላይ ነው የተኛው፤ ምንም አልተነጠፈለትም። ደግሞ ደረቅ ነው፤ ጠብ ያለበት ቅቤ የለም። እኛ ቆጮ ስንጋግር ከሥሩም ከላዩም ኮባ አልብሰን ነው። የእንሰት ቅጠል ያልነካው ምግብ ለእኔ ራቁቱን እንደወጣ ሰው ነው።

ጓሮ ወጣሁ። በዝናብ ኮባ ቆረጥኩ፣ ጠራረግኩ፣ በእሳት ለብ አድርጌ አለሰለስኩት። ቅርጫቱ ውስጥ አነጠፍኩ። ስምንቱንም ከትሪው አንሥቼ አሥራ ሁለቱንም በሦስት ድርብ ከመርኩ፤ በየመሐሉ ኮባ፣ በየፊቱ ኮረሪማ የገባበት ቅቤ። በላዩ ላይም እንዳይበርደው ሰፋ ያለ ኮባ ደረብኩለት። ፊደል ባልቆጥርም የስልክ ቁጥር ስለማውቅ ስምንትን አላጣትም። እንግዳዋ እስክትገባ ይድረስ ብዬ ስምንት ላይ አድርጌ አበራሁት።

ነፋስ ያሉት እውነት ኖሯል። መጀመሪያ እፍፍፍ አለ። ቀጥሎ ውስጡ ወፍ የገባ ይመስል ይርገበገብ ጀመር፤ ለካ የላዩ ኮባ በነፋሱ ተነሥቶ እላይ ካለው የጋለ ሽቦ ላይ ሄዶ ተለጥፏል። ከዚያ ጭስ። የቸኮላት ሽታ ለጥቂት፣ ከዚያ የተቃጠለ ጓሮ ሽታ። ጎረቤቴ ዘይነባ ከአጥሩ ማዶ፣ እትዬ ብርቄ፣ በዝናብ የምን ማሳ ነው የምታቃጥይው ስትል ሰማኋት፤ ወዲያው ጄሪካን ውሃ ይዛ ገባች። በኤሌክትሪክ ላይ ልትደፋው ስትል እጇን ያዝኩና ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

እኔና ዘይነባ በአንድ ጄሪካን እየተጓተትን ሳለ ነው ምሕረትና ወይዘሮ አስካለ በሩ ላይ የቆሙት።

ምሕረት ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ማሽኑን ብቻ አየችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዘይነባ ናት ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ቀደመችኝና፣ እኔ ውሃ ነው የያዝኩት፣ የእሳቱን ባለቤት ጠይቁ አለች።

አስካለ ጨዋ ናት። ቅርጫቱ ሲከፈት ከላይ ከሰል፣ ከሥር ጥሬ ሊጥ፣ መሐሉ ቸኮላትና ቅቤ የተዋዋጡበት ረግረግ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዷን በሁለት ጣቷ አንሥታ ቀመሰች። ቅቤው ግሩም ነው እናቴ አለችኝ፣ መልሳም አስቀመጠቻት። ቅቤው ብቻ? አልጠየቅኳትም።

በዚህ ጊዜ ምሕረት ዘይነባን አየቻት፤ ዘይነባ ወጥታ በሰሃን ሦስት ጥሬ ፍሬዎች ይዛ ተመለሰች። ለካ ልጅቷ ጠዋት ሌላ ሦስት ሠርታ ለምናልባቱ ብላ ዘይነባ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ ኖሯል። ምናልባቱ እኔ ነኝ ማለት ነው! አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ የገዛ ቤቴ ውስጥ ምናልባት ሆንኩ።

ማሽኑ ተጠረገ፤ ሦስቱ ራቁታቸውን፣ ሳይነካኩ ገቡ። ስምንት ደቂቃ አራት ሴቶች ቆመን ነፋስ አዳመጥን። ሲወጡ እንደ ትራስ ተነፍተው፣ ቀልተው ነበር። አስካለ ሁለቱን በላች። ሦስተኛውን ዘይነባ፣ ለመሰከረችበት ይሆናል። እኔን ቅመሽ ያለኝ የለም።

አስካለ አፏን ጠርጋ፣ በየቀኑ ሠላሳ ፍሬ እፈልጋለሁ አለች። እልል ልል ስል፣ አንድ ነገር ግን አለ ብላ ወደ እኔ ዞር አለች። እናታችንን አከብራለሁ፣ ነገር ግን ማሽኑ ከዚህ ቤት ይወጣል፤ ልጅቷ ካፌው ውስጥ ነው የምትሠራልኝ።

እንዲህ ሆነ እንግዲህ። አልማዝ ምሕረት ስለቀረችባት አኩርፋ ሁለት ሳምንት አልደወለችም፤ ከዚያ ረሳችውና ሊጥ ትልክላት ጀመር። ዘይነባም ልጇን ወትውታ እንደዚያው ያለ ማሽን አስመጣች፤ እኔ ስገባ ጨርቅ ትደርብበታለች። አስካለ ሁለተኛ መደርደሪያ አሠራች። ምሕረት ከቡታጅራ አልሄደችም። ጠዋት በአሥራ ሁለት ትወጣለች፣ ማታ ደክሟት ገብታ ሳንጨቃጨቅ ትተኛለች። እኔም ከሰዓት ከሰዓት ነጠላዬን ፈልጌ መናኸሪያው ጋ እወርድና፣ የልጅ ልጄን ለማየት ሻይ አዝዛለሁ።