እህቴ አሰምፕታ እና ሦስቱ ዝይዎች

የድሮ ፊልም ዘበኛ የሌለበት ቤተሰብ በዓለም ላይ የለም። «እኛ ቤት የለም» ካላችሁ፣ ዘበኛው እናንተ ናችሁ ማለት ነው። የእኛ ቤት ዘበኛ ታላቅ እህቴ ክብርት ወይዘሮ አሰምፕታ ናት። የምትጠብቀውም ልጆች ሳለን እዚሁ ከተማችን ባሊና፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ነጭ አንሶላ ላይ ያየነውን የዝይዋን ፊልም ነው።

ፊልሙ በእጅ የተሳለ ነበር። ዝይዎቹ ሁሉ ወደ ሰሜን ሲበርሩ አንዷ ክንፏ ተጎድቶ ትቀራለች፤ አንድ አኩራፊ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ያስጠጋታል፤ በመጨረሻም ድና ትበርራለች። ይኸው ነው። አሰምፕታ ከማልቀሷ ብዛት ቄሱ የራሳቸውን መሐረብ ሰጧት። እኔ ተኝቼ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።

ሁለተኛው ፊልም የመጣው እኛ ራሳችን ልጆች ካሳደግን በኋላ ነው። ይኼኛው በኮምፒውተር የተሠራ ነው፤ ዝይዋም እየዘፈነች ትደንሳለች። አሰምፕታ በመጀመሪያው ቀን ሄዳ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«እንደምትጠዪው እያወቅሽ ለምን ትሄጃለሽ?» አልኳት።

«ሟቹን መሰናበት አለብኝ» አለችኝ።

ዝይዋ መደነስ ስትጀምር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ዝይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወገብ ያወጣችው?» አለች። ሕፃናቱ ሳቁ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እናት ግን ተቆጣች፤ «ኧረ ሴትዮ፣ ዝም በይ!»

«እኔ ዝም እላለሁ። መጀመሪያ እሷን ዝም አሰኚልኝ!»

ሦስተኛው ሊወጣ ነው ሲባል ደግሞ ባሰባት። በዚህኛው ሰዎቹ እውነተኛ ተዋንያን ናቸው፤ ዝይዋ ብቻ የኮምፒውተር ሥራ ናት። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አይታ መጣችና፣ «ሽማግሌውን ጎረምሳ አድርገውታል! ደግሞ ጥርሱ! ዓሣ አጥማጅ ነው ወይስ የጥርስ ሐኪም?» አለች። ከዚያ በኋላ እሑድ ምሳ በቀረበ ቁጥር ፊልሙን ከድንቹ ጋር አብራ ትፈጨው ጀመር። «ይህን የሠሩ ሰዎች እናት የላቸውም?» ትላለች። ደብሊን የሚሠራው ልጇ ፊያክራ አንገቱን ደፍቶ የጎረሰውን ያኝካል፤ አይውጥም።

አንድ ሰኞ ስልክ ደወለልኝ።

«አጎቴ፣ ላባውን የምሠራው እኔ ነኝ።»

«የምን ላባ?»

«የዝይዋን።»

ቤተሰቡ ሁሉ ፊያክራ ኢንሹራንስ ድርጅት እንደሚሠራ ነበር የሚያውቀው።

«እማ ከሰማች ትቀብረኛለች።»

«ብትቀብርህም በቀብርህ ላይ የምትናገረው ስለ መጀመሪያው ፊልም ነው» አልኩት። አልሳቀም። ለፊልሙ ምርቃት ሊጠራት ፈልጎ አፉ አልደፍር ብሎታል፤ «አንተ ንገርልኝ» አለኝ።

ሄድኩ። ድንች ስትልጥ አገኘኋትና ሳላንዛዛ ነገርኳት። ቢላዋው ቆመ።

«ልጄ እኔን ፈራኝ ማለት ነው» አለች በመጨረሻ። የተናገረችው ለድንቹ ነው፤ ወደ እኔ አላየችም።

«አንቺን የማይፈራ ማን አለ?» አልኩ ላስቃት ብዬ። አልሳቀችም። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች፤ ስትመለስ የሠርግ ካፖርቷን ይዛ ነበር። «ይህ ይሆናል?» አለችኝ።

ደብሊን፣ ምርቃቱ ላይ፣ በእኔና በልጇ መካከል ተቀመጠች። ዘፈኑ መጣ፤ ከንፈሯን ነከሰች። ጎረምሳው ዓሣ አጥማጅ ሸሚዙን አወለቀ፤ አማተበች። እኔ ክርኗን ጨብጬ ይዣለሁ። ከዚያ ዝናብ የሚዘንብበት ቦታ ላይ ተደረሰ። ዝይዋ ድንጋይ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ ውሃው በላባዋ ላይ ይንከባለላል፤ ላባዋን ነፋ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች። አሰምፕታ ወደ ፊት ሳብ አለች። ዝናቡ እስኪያባራ ትንፋሿን አልሰማሁም።

ሲያልቅ በረንዳው ላይ ፊያክራ ፊቱ አመድ መስሎ ቀረባት።

«እህ፣ እማ?»

«ታሪኩ እርባና የለውም። ዘፈኑ ራሴን አሞኛል። ያ ጎረምሳ ደግሞ ብርድ ሳይመታው ልብሱን ይልበስ።» ልጁ አቀረቀረ። እጇን ሰዳ ኮሌታውን አስተካከለችለት። «እሷ ግን በርዷት ነበር፣ ፊያክራ። የእውነት በርዷት ነበር። የድሮዋን እንኳ እንዲህ አልበረዳትም።»

«ሁለተኛ ኢንሹራንስ ብለህ ብትዋሸኝ ወዮልህ!» ብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ተለወጠች ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ባሊና እስክንገባ ድረስ የፊልሙን ጉድለት ስታስረዳኝ፣ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ በመስታወቱ አይቶናል።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለባለቤቴ ፀጉር ልስተካከል ነው ብዬ ወደ ከተማችን ሲኒማ ቤት ገባሁ። አዳራሹ ባዶ ነው። መሀል ላይ አንድ ሽበታም ራስ ብቻ ይታያል።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«ስህተቱን ለቅሜ ልጨርስ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ላግዝሽ» ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ዝናቡ ሲጀምር እጅጌዬን ጨመደደችው። «የልጄ ሥራ ነው!» አለች ጮክ ብላ፣ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ዞራ። ምነው አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ በነበረ ብዬ ተመኘሁ።