ፈረንሳይ ደርሶ የመጣ ሰው

ፈረንሳይ ደርሶ የመጣ ጓደኛ አላችሁ? ከሌላችሁ ተመስገን ብላችሁ ተኙ። እኔ አለኝ፤ ተስፋዬ ይባላል። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ አየር ማረፊያ አብረን እናጸዳለን፣ ኮሚክስም፣ ያንን በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ አብረን እናነባለን። በዚህ ዊንተር ግን ቫኬሽን ወሰደና የዓለም የኮሚክስ ፌስቲቫል ወደሚደረግባት ጥንታዊ የፈረንሳይ ከተማ ብቻውን በረረ።

እንኳን ደህና ገባህ ልለው ሄድኩ። ፎቶውን ዘረጋልኝ። እኔ እንከን ስፈልግ፣ አንድ እንኳ የደበዘዘ ፎቶ ጠፋ!

በመጨረሻ ደስ የሚል ነገር ነገረኝ። ሁለታችንም የምንወደው ሠዓሊ ለተሰለፈው ሁሉ እየሳለ ይሰጥ ነበር። ተስፋዬም ተሰለፈ። ታዲያ አስተዳደጉ መች ይለቀዋል? ሽበት ባየ ቁጥር «ይቅደሙ» ሲል ዋለ። የፈረንሳይ ሽማግሌ ደግሞ ኮሚክስ ሲወድ ለጉድ ነው! ሠዓሊው ዕቃውን ሲሰበስብ የኔ ጨዋ ገና መጨረሻ ላይ ቆሟል።

«አይ ተስፍሽ! በከንቱ ደከምክ በለኛ» አልኩት፣ ሳቄን በሳል ሸፍኜ።

«ምን በከንቱ? ሰውዬው ለካ ቀኑን ሙሉ እኔን ሲያይ ኖሯል» አለና ግድግዳውን አሳየኝ።

በፍሬም ውስጥ የሠዓሊው የእርሳስ ሥዕል፦ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ያለ ተስፋዬ፤ ከፊቱ እስከ አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚደርስ የሽማግሌ ሰልፍ። እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ያቃጥላል።

ይኸው ከዚያ ወዲህ፣ በዚህ ብርድ ፌርማታ ላይ ቆሜ ለመጣው ሁሉ «አፍተር ዩ» እያልኩ ቦታዬን እለቃለሁ። አውቶቡሱ ሞልቶ ጥሎኝ ይሄዳል። ዞር ዞር ብዬ አያለሁ፤ እርሳስ የያዘ ሰው ግን የለም።