ብረት ብቻ የሚያይ እሳት

እሳት ሲባል እናንተም እኔም የምናውቀው ጠባይ አለው። ይጨሳል፣ ይንጣጣል፣ ቢያንስ ቢያንስ ይሸታል። እንደ ጨዋ እንግዳ ሳያንኳኳ አይገባም። እኔ ግን እዚህ ቤይሩት ዳርቻ፣ ሲን ኤል ፊል ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሳያንኳኳ የገባ እሳት አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ዝም ያለ ነገር አላምንም።

ከሰው ቤት ሥራ ከወጣሁ በኋላ የከፈትኳት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የፀጉር ቅባት የምሸጥባት። ግድግዳዬን የሚጋሩኝ ምዓለም ሐቢብ ናቸው። «ምዓለም» እዚህ የእጅ ባለሙያ የሆነ ሰው የሚጠራበት ማዕረግ ነው። ሰባ ዓመት የተጠጋቸው፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው። የጭነት መኪና አክሰልና የጄኔሬተር ዘንግ ያጠነክራሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ዘንጉን በተጠማዘዘ የመዳብ ቱቦ መሃል ያቆሙታል፣ የእግር መርገጫውን ይጫናሉ፣ በቃ። ነበልባል የለም። መዳቡም ውሃ በውስጡ ስለሚያልፍ አይግልም። ብረቱ ብቻ፣ ማንም ሳይነካው፣ አስር ሳትቆጥሩ ፍም ይሆናል። ከዚያ ውሃ ይለቁበታል፣ ላዩ ይጠነክራል፣ ኸላስ፣ አለቀ።

ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የሰፈሩ ጄኔሬተር ያቃስታል፣ የሱቄ አምፖል ይደበዝዛል፣ በግድግዳው በኩል ደግሞ ጆሮ ውስጥ የሚቀር ቀጭን ድምፅ ይመጣል። አንዷ ደንበኛዬ አፏ ታፍኖ የምታለቅስ ሴት ይመስላል ብላኝ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር መስሎ ሊሰማኝ አልቻለም።

ወርክሾፑን የምታጸዳው ዝናሽ ናት፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ። በግራ እግሯ ትንሽ ታነክሳለች። ምን ሆነሽ ነው ስትባል «የማዳሜን መስኮት ስወለውል አዳልጦኝ ነው» ትላለች፤ እኛም እሺ እንላለን። እዚህ አገር መስኮት ስትወለውል ያዳለጣትን ሁሉ ብትሰሙ መስታወት ትጠላላችሁ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፍሪጄ መንተባተብ ሲጀምር፣ ልነጫነጭ ወደ ምዓለም ገባሁ። እንደ ልማዳቸው ከማሽኑ ራቅ ብለው፣ ትከሻቸውን አዙረው፣ በጎን ቆመው መርገጫውን ረግጠዋል። ዝናሽ ከማሽኑ ጀርባ ቁጢጥ ብላ የብረት ፍቅፋቂ ትጠርጋለች። ቅልጥሟ ከመዳቡ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። እሳቸው አላዩዋትም።

መጥረጊያዋ ቆመ።

«እትዬ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ «እግሬን እየሞቀኝ ነው።»

«ከማሽኑ ራቂ እንጂ።»

«ከውጭ አይደለም። ከውስጥ ነው። አጥንቴ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ቅልጥሟን ነካሁት። ቆዳዋ ቀዝቃዛ ነበር። ቢያቃጥለኝ ይሻለኝ ነበር። በብብቷ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት፤ ምዓለም ድንግጥ ብለው እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። ያ ድምፅ ጠፋ።

«እግርሽ ውስጥ ብረት አለ?» አሏት።

ዝናሽ ያየችው እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነው። «አለ። ከነስድስት ብሎኑ።»

አራት ዓመት አውቃታለሁ። ማሽኑ ያወቃት በግማሽ ደቂቃ ነው።

«ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ?» አሉ ምዓለም።

«ሥራ አትችልም ብለው እንዳያስወጡኝ።»

«መስኮት ስትወለውይ ነው አይደል?» አልኩ እኔ፣ ነገሩን ላቀልላት ፈልጌ።

«መስኮት አልወለወልኩም» አለች። «በሩ ከውጭ ተቆልፎብኝ ነበር። አንሶላ ቀጣጥዬ በረንዳው ላይ አሰርኩ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አንሶላው ሁለተኛው ላይ አለቀብኝ።» ይህን ያለችው መጥረጊያዋን ከወለሉ እያነሳች ነው።

ምዓለም የሸሚዛቸውን ሁለት ቁልፎች ፈትተው ትከሻቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩን። በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የገባ የቦምብ ስብርባሪ ነው፤ ሐኪሞቹ ማውጣቱ ይብሳል ብለው ትተውታል። እሳቸውም ረስተውት ነበር፤ ይህን ማሽን ገዝተው መጀመሪያ ያስነሱት ቀን ግን ትከሻቸው ውስጥ አንድ ነገር ነቃ።

«ያኒ፣ ማለቴ፣ እሱ ሥጋ አያይም» አሉ። «የሚያየው ብረት ብቻ ነው።»

እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ዘወር ብለው የሚቆሙት ከኩራት ነው ብዬ ሳማቸው ኖሬያለሁ።

በማግስቱ ራሳቸው ዝናሽን ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ራጅ ተነሳች፣ ደህና ነሽ ተባለች። ከሥራዋም አላስወጧትም። በማሽኑ ዙሪያ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ቀቡ፤ ብረቱ ሲግል ሁለቱም ከመስመሩ ወዲህ ቆመው፣ ሳያወሩ፣ አብረው ያዩታል። መርገጫውንም በረጅም ሽቦ ወደዚህ አምጥተውታል።

እኔም ብቅ ስል ከእነሱ ጎን እቆማለሁ። ምዓለም ታዲያ አንዳንዴ ይገርማቸዋል። «አንቺ እኮ ምንም የለብሽም፤ ቅረቢና እዪ» ይሉኛል።

አልቀርብም። በሰው ቤት በኖርኩባቸው ዓመታት ምን ምን እንደዋጥኩ ሁሉንም አላስታውሰውም።