አያ እሸቴና ብርቅዬዎቹ

ከእኛ አገር ሰው ለሕክምና አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ፣ ስለ በሽታው ከልቡ የሚጠይቀው የለም። "ተሻለህ ወይ?" የምትለዋ ለጨዋነት ያህል አንዴ ጣል ትደረግና ወዲያው ዋናው ምርመራ ይጀመራል፤ "እሺ፣ ምን አየህ?" ሰውየው ሆዱ ተከፍቶ የተሰፋ ቢሆን እንኳ ምሕረት የለውም። አንድ የማውቀው ሰው ኩላሊቱን ታክሞ፣ ፍጹም ድኖ መጣ። ከሆስፒታሉ መስኮት ሌላ ያየው ነገር ስላልነበረ ግን ጎረቤቶቹ እስከ ዛሬ "ያ ምስኪን" እያሉ ነው የሚያነሱት።

ዓይኑን ሊታከም የሄደ ሰውስ? እሱማ በምን ሊያመካኝ ነው?

ይህን ያነሳሁት በአማቴ በአያ እሸቴ የተነሳ ነው። አያ እሸቴ የሚስቴ አባት ናቸው። እርሻቸው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ሜዳው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ከአፋፉ በላይ የእሳቸው ገብስ አለ፤ ከአፋፉ በታች ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይኖራሉ። ይህ ድንበር በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም፤ አያ እሸቴ ግን ዕድሜ ልካቸውን በወንጭፍና በጩኸት ሲያስከብሩት ኖረዋል።

እኔ በበኩሌ ከተማው ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አማቴ ይህን እንደ ሥራ ቆጥረውት አያውቁም። "ሌላ ሰው የጻፈውን መልሶ ማውጣት ምኑ ነው ሥራው?" ይላሉ። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ፈተና ላይ ነኝ፤ ውጤቱ ግን እስካሁን አልተለጠፈም።

ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው፣ ታከሙ ብለን ሁላችንም ለመንናቸው። "ማየት ያለብኝን ሁሉ አይቻለሁ" ብለው እምቢ አሉ። ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው የእኛ ልመና አይደለም፤ ጭላዳ ነው። አንድ ቀን ማለዳ፣ ጉሙ ገና ከገደሉ ሳይነሳ፣ እርሻቸው ዳር ጋቢ የተከናነበ ሰው ተቀምጦ አዩ። የደብራቸው ቄስ መሰሏቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ "እንደምን አደሩ አባ? በደኅና ነው በማለዳ?" አሉ። መልስ የለም። ትንሽ ጠጋ ብለው ሰላምታቸውን ደገሙ። "ቄሱ" አንድ እፍኝ ገብስ ነጨት አድርገው እየቆረጠሙ፣ ጎምለል ጎምለል እያሉ ገደሉን በአራት እግር ወረዱ።

ክፋቱ፣ አንዲት ጎረቤት ይህን ሁሉ ቆማ አይታለች። ወሬው እስከ ከላላ ገበያ ሳይደርስ አያ እሸቴ ራሳቸው ሱቄ ድረስ መጡና፣ "ያ የዓይን ሐኪም የት ነው ያልከኝ?" አሉኝ።

አዲስ አበባ ይዤያቸው ሄድኩ። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነበር። ከላይ እስከ ታች ረጋ ብለው ተመለከቱኝና፣ "እንዲህ ነህ እንዴ?" አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅሁም፤ የመጠየቅ ሐሳቡም የለኝም።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ትእዛዝ ላይ ግን የጦር አዛዥ ናት። ጥቁር መነጽር ሰጠቻቸውና ክልከላውን ደረደረችው። ማጎንበስ የለም። ከባድ ነገር ማንሳት የለም። ዓይን ማሸት የለም። አቧራ የለም። መጮኽ የለም፤ ባይቆጡም ይመረጣል። አያ እሸቴ ይህን ሁሉ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል ጣራ ጣራ እያዩ አሳለፉት። በጥንቃቄ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ሚስቴ በስልክ "የአባቴ ዓይን በአንተ እጅ ነው" ብላኛለች። እንዲህ ያለ አደራ የተቀበለ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል ወይ?

ወደ አገራችን ልንመለስ ስንዘጋጅ ታዲያ አያ እሸቴ አንድ ነገር አነሱ። አንበሳ ሳያዩ ቢመለሱ ሰው ምን ይላቸዋል? ነገሩን አሰላሰልኩት። አንበሳ ማየት ማጎንበስ አይጠይቅም። የሚነሳ ሸክም የለውም። ጩኸት ቢኖርም የአንበሳው ነው፤ ዶክተሯ ደግሞ የከለከለችው እሳቸውን እንጂ አንበሳውን አይደለም። እንዲያውም የዘገየው ውጤቴ በዚህ ይለጠፍልኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

የአራዊት ማቆያውን እኔ የማውቀው በተማሪነቴ ነው። ያኔ አንበሶቹ ጠባብ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሲንጎራደዱ ይውሉ ነበር። ሽታቸው ገና በሩ ላይ ይቀበልሃል፤ ሲያገሱ ጉበትህ ይርዳል። አሁን ሁሉም ተለውጧል። ፍርግርጉ ተነቅሎ ሣርና ዛፍ ያለበት ሰፊ ግቢ ሆኗል፤ ጎብኚው በወፍራም መስታወት በኩል ያያል። ለአንበሳው ጥሩ ነው፤ ያሰቡለትን እግዜር ይስጣቸው። ችግሩ ግን አንበሳው ከሰፊው ግቢ ጋር ያለመታየት መብትም አብሮ ማግኘቱ ነው። ዛፍ ሥር፣ ጀርባውን ሰጥቶን ተኝቷል።

አያ እሸቴ ጠበቁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ።

"ከወሎ ድረስ መጥተን ቀና እንኳ አይልም?" አሉ በመጨረሻ፤ ቁጭ ብለው የተቀበሉት እንግዳ እንደሚከፋው ከልባቸው ከፍቷቸው። ቤቱ ቢሰፋለት ጊዜ ወገኑን ረሳ ማለታቸው ነበር። እኔም በአንበሳው ፈንታ ይቅርታ ጠየቅሁ። አማች ምን የማይሆነው አለ?

ልካሳቸው ብዬ አዲስ የመጡትን ሰጎኖች አሳየኋቸው። አያ እሸቴ አንገታቸውን ቀና አድርገው ካዩ በኋላ፣ ይህችን ዶሮ ያሳደገች ባልቴት ብርቱ መሆን አለባት አሉ። ፊታቸው ፈታ ሲል፣ እዚያው ብንጨርስ ኖሮ ዛሬ የማወራው አይኖረኝም ነበር። ግን ከወደ ጥግ ሰው ተሰብስቦ አየን። አንድ ጥበቃ "አዲስ እንግዶች ናቸው፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ!" እያለ ይጋብዛል። አያ እሸቴ በክርናቸው መንገድ ከፍተው ፊት ደረሱ።

ከመስታወቱ ወዲያ ከሲሚንቶ የተሠራ ገደል አለ። ገደሉ ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠዋል።

አያ እሸቴ ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ።

"አንተ ልጅ፣ እኔ የማየውን አንተም ታያለህ?"

"አያለሁ፣ አያ እሸቴ።"

"እንግዲያው ዓይኔ አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ እንስሳ መሆኑን፣ ምግብ መስጠትም ክልክል መሆኑን አነበብኩ።

"የሰጠው ማን አለ? ራሱ አይደል እንዴ የሚወስደው!"

አጠገባችን የቆመች ወጣት ስልኳን ቀስራ፣ ፀጉሩ ሲያምር፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ነገር ሲያምር እያለች ትደነቃለች። አያ እሸቴ፣ ልጄ፣ ይህ ውበት ገብስሽ መሀል ሲገባ ነው የሚታየው አሏት። ልጅቷ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏታል።

ይኼኔ መጋቢው ጋሪ እየገፋ መጣ። ጎመን ዘረገፈ፤ ካሮት በተነ። ከዚያ ከጋሪው ሥር አንድ እቅፍ ለምለም እሸት ገብስ አወጣ። "አያ እሸቴ፣ እስቲ ሰጎኗን ደግመን እንያት" ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። ማን ሰምቶኝ! ትልቁ ወንድ ጭላዳ መጥቶ ገብሱ ላይ እጁን ሲሰድ፣ አያ እሸቴ የት እንዳሉ ፈጽሞ ረሱት።

"ዋዋዋይ! ሂድ! ሂድ ከገብሴ ላይ!"

ያ ድምፅ ገደል ለገደል እንዲያስተጋባ የተሠራ እንጂ ለከተማ ጆሮ የተሠራ አይደለም። ክንዳቸውም ወንጭፍ የያዘ መስሎት አንዴ በአናታቸው ዞሮ ተወነጨፈ። ድንጋይ አልነበረበትም፤ እግዜር ይመስገን። የነበረበት ጥቁሩ መነጽር ነው። በመስታወቱ አናት በርሮ ጭላዳው እግር ሥር ወደቀ። እናት ጭላዳዎቹ ልጆቻቸውን አዝለው የሲሚንቶውን ገደል ሽቅብ ተፈተለኩ። ወንዱ ብቻ ቀረ። መነጽሩን አነሳ፣ አሸተተ፣ ነከስ አደረገው፣ ከዚያም የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ለአያ እሸቴ አሳየ። ተመልካቹ አጨበጨበ፤ የዝግጅቱ አካል መስሎታል። አንዲት እናት ልጄ አላየምና ይድገሙልን ብላ ለመነች።

ጥበቃው እየሮጠ መጣና፣ በትሕትና፣ "አባት፣ እንስሳቱን ማስደንገጥ ክልክል ነው" አላቸው።

"እነሱ እኔን ሲያስደነግጡኝ አንተ የት ነበርክ?" አሉት። ጥበቃው ክንዳቸውን ደግፎ እስከ በሩ ሸኘን።

በሩ ላይ ስንደርስ ያ የታከመው ዓይን ቀልቷል፤ እንባው ይወርዳል። ታክሲ ይዤ ወደ ክሊኒኩ በረርን። መንገድ ላይ ሚስቴ ደወለች። ለምርመራ እየሄድን ነው አልኳት። ዛሬ ቀጠሮ አላችሁ እንዴ ስትለኝ፣ ድንገተኛ ቀጠሮ ነው ብዬ ዘጋሁ።

አያ እሸቴ አሁን ቀልዱ ጠፍቷቸዋል። እጄን ያዙ፤ ካወቅኋቸው ጀምሮ ይዘውኝ አያውቁም። "ማየት ያለብኝን አይቻለሁ ያልኳችሁ ውሸቴን ነው" አሉ። "ፈርቼ ነበር እንጂ። ትናንት የልጅ ልጄን ፎቶ ስልክህ ላይ ሳየው አገጩ የእናቴ አገጭ ነው። አሁን ቢጠፋብኝ ያንን ጭለማ ደግሜ አልችለውም።"

"አብሽር፣ አያ እሸቴ" አልኳቸው።

ዶክተሯ ዓይናቸውን አጥባ፣ በመሣሪያዋ ለረጅም ጊዜ አየችና፣ አቧራ ገብቶበት ነው እንጂ ደኅና ነው አለች። ከዚያ ምን ሲያደርጉ እንደነበር ጠየቀች። አያ እሸቴ እኔን አዩ። እኔ፣ ትንሽ ድምፅ አውጥተዋል አልኩ። በማን ላይ? በጭላዳ ላይ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እና ጥርት ብሎ ታየዎት?"

ያኔ ጀመሩላት። የወንዱ ግራ ጆሮ ጫፉ የተቆረጠ ነው። የአውራ ጣቱ ጥፍር ተሰንጥቋል። "አንዷ ልጇን አዝላ ስትሸሽ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ትንሹ ዞር ብሎ አየኝ። ልክ እንደ ሰው ነው የሚያይ። ይህን ሁሉ ዘመን ስጮኽባቸው ፊታቸውን አይቼ አላውቅም ነበር።" ዶክተሯም፣ ዓይንዎ ከእኔ ይሻላል አለቻቸው። ሌላ መነጽር ሰጠቻቸው፤ አጥብቄ እንድይዘው ግን ያስጠነቀቀችው እኔን ነው።

አገር ቤት ስንመለስ ያ የታወቀው ምርመራ ጠበቃቸው። አንበሳው በአንድ ቃል ተዘጋ፤ "ተኝቷል።" ጭላዳዎቹ ግን ተወሩ። ስንት ሰው ተጋፍቶ እንደሚያያቸው፣ ገብሱ በጋሪ እንደሚቀርብላቸው፣ ስማቸው በሰሌዳ እንደተጻፈ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ የእኛዎቹንም ይውሰዱልን አለ።

ብዙም ሳይቆይ ከወረዳ አንድ ባለሙያ መጣና፣ የዱር እንስሳት የሚጠብቅ ኮሚቴ ምረጡ ብሎ ሕዝቡን ሰበሰበ። ሊቀ መንበር ለመሆን የፈለገ አንድም አልተገኘም። ገብሱን ከሚበላ ፍጥረት ጎን የሚቆም ማን አለ? ከኋላ አንዱ ጮኸ፤ "አያ እሸቴ ይሁኑ! አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ያዩዋቸው እሳቸው ብቻ ናቸው!" እጅ ሁሉ ወጣ። በወንጭፋቸው የተመቱት ጭላዳዎች ድምፅ ቢኖራቸው ምን ይሉ ነበር? አማቴ ይሳደባሉ ብዬ ስጠብቅ ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ አደራውን ተቀበሉ።

ገብሱ እሸት ሲይዝ ጭላዳዎቹ እንደ ልማዳቸው ወጡ። በገበያ ቀን አያ እሸቴ ሱቄ ገብተው ቁጭ አሉ። የአፋፉ ዳር ገብስ እንዳለ ተግጧል አሉኝ።

"ታዲያ አቤት አይሉም?"

"ብያለሁ እንጂ።"

"ለማን?"

"ለኮሚቴው ሊቀ መንበር ነዋ።"

"ሊቀ መንበሩ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ።"

"እና ምን አሉ?"

አያ እሸቴ በረጅሙ ተነፈሱ። "ምን ይላል! 'እነሱም ብርቅዬ ናቸው፣ ታገሥ' ብሎ መለሰኝ" አሉ፣ በዚያ ሰው እጅግ አዝነው። "ሰውየው ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ተለውጧል።"