በሚቀጥለው ይጨመራል

የጀመረውን የማይጨርስ ብልህ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለሰሊማ የደረሳት የባሏ ወንድም ነው፤ ዓባይ ማዶ ስልክ የሚጠግነው ክቡር ኢንጂነር ነስረዲን።

ክቡርነታቸው ለሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ሲስተም ሠሩ። ጀልባው ላይ ትንሽ ሣጥን ይታሰራል፤ አጥማጁ ሲመለስ ቁልፏን ይጫናል። እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልተጫነች፣ ነስረዲን ሱቅ ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር ለቤተሰቡ መልእክት ይልካል።

“ማዕበል ሲመጣስ ትናገራለች?” አለው አብዱልወሃብ፣ የሰሊማ ባል።

“እሱ በሚቀጥለው ይጨመራል።”

ዕድሜ ልካቸውን ጀልባ የሠሩት አባታቸው ተቆጡ። “እኔ የመጨረሻዋን ስንጥቅ ሳልደፍን ጀልባ ውሃ አስነክቼ አላውቅም!”

“ይህ ጀልባ አይደለም አባባ። ትንሽ ሠርተን እንሰጣለን፤ ጉድለቱን የሚጠቀምበት ሰው ይነግረናል፤ እናስተካክላለን።”

ጉድለቱስ ሞልቶ! የመጀመሪያዋ ሣጥን በሻማ ተለስና ነበርና ፀሐይ አቀለጣት። በሁለተኛዋ ጊዜ ክቡርነታቸው ኮምፒዩተሩ በፈረንጅ ሰዓት እንደሚቆጥር ረስተው አሥራ ሁለት ብለው ሞሉበት። እኩለ ቀን ላይ የሰሊማ ስልክ ጮኸ፦ “አብዱልወሃብ አልተመለሰም።” መረብ ሊጠግን ቤት የዋለው አብዱልወሃብ አጠገቧ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል።

ደወለች። “አንተ ኢንጂነር፣ ባልሽ አልተመለሰም ትለኛለህ፤ ሹሮውን ማን ጨረሰው ታዲያ?”

“ወላሂ በሚቀጥለው ይስተካከላል እታለም!”

አብዱልወሃብ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ተስተካከለም። ሐምሌ ላይ፣ ንፋስ በበረታበት ቀን፣ መልእክቱ በሰዓቱ መጣ። ወንዶቹ በዘጌ በኩል ወጥተው ፈለጉ። ጀልባውን ተገልብጦ አገኙት። አብዱልወሃብን በሦስተኛው ቀን አግኝተው ቀበሩት።

ሲስተሙ ግን መቅበር አያውቅም። ቁልፏን የሚጫን ስለሌለ በየምሽቱ ይልካል፦ “አብዱልወሃብ አልተመለሰም።”

ከወር በኋላ ነስረዲን መጣ። ከስቷል።

“የማዕበሉን ጨረስሁት እታለም። ጀልባ ሁሉ ላይ ገጠምሁት።” በሕይወቱ የጨረሰው የመጀመሪያው ሥራ ነው። ቀና ብሎ አላያትም። “ያ መልእክት አሁንም ይመጣል አይደል? ስሙን ላጥፋው።”

ሰሊማ ራት አቀረበችለት። አሥራ ሁለት ሊሞላ ጥቂት ቀርቷል። አገሩ ሁሉ ሞቷል ብሏታል፤ “አልተመለሰም” ብቻ የሚላት ያ ኮምፒዩተር ነው።

“ብላ እንጂ፣ ኢንጂነር” አለችው። “እሱን በሚቀጥለው ታጠፋዋለህ።”