ለድህነቴ ምስክር ጠፋ

መቼም የሀብት ችግሩ ማግኘቱ ላይ ነው እንጂ ማስመስከሩ ላይ አይደለም። መኪናህ ራሷ ጡሩምባዋን እየነፋች ትመሰክርልሃለች። ድህነት ግን፣ ወዳጄ፣ ሦስት ሰው ይፈልጋል። ለምን ሦስት? እናንተ ካወቃችሁ ንገሩኝ፤ እኔ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

ቀን ቀን ሸጎሌ፣ አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሚስማር እመዝናለሁ፤ ማታ ማታ ሂሳብ አያያዝ እማራለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አቅሜ አለቀ። መንግሥት ለማታ ተማሪም የክፍያ ድጋፍ ጀመረ ሲባል ሰማሁና ወረዳ ሮጥኩ። ፎርም የምትሞላው ወይዘሮ፣ ችግርህን የሚያውቁ ሦስት ጎረቤቶች አምጣ አለችኝ። ድጋፉን ካጣሁ ትምህርቱ እዚያው ላይ ማብቃቱ ነው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት አይደል የሚባለው? ሁለት ሰው ለመንኩና ሦስተኛ ጋሼ ታፈሰን ጨመርኩ። ከጋሼ ጋር ግድግዳችን አንድ ነው፤ እኔ ሳነጥስ እሳቸው በወዲያ በኩል "ይማርህ" ይላሉ። ጓዳዬን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ነገሩን ሳስረዳቸው ለእኔ ተወው አሉኝ። እውነቴን ነው፣ ድህነቴ በሰው አፍ ሲነገር ምን እንደሚመስል ለመስማት ጓጉቼ ነበር።

በማግስቱ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ለእኔም ኮት ይዘው መጡ። መንግሥት ፊት በሹራብ አይቀረብም አሉ። ወረዳ ስንደርስም በዕድሜ ቀዳሚ ናቸውና መጀመሪያ ተናገሩ።

"ልጄ፣ ይሄ የጨዋ ልጅ ነው። አባቱ ሰው አስቸግሮ አያውቅም፤ እሱም አንድ ቀን የሰው ደጅ አልቆመም። ቤቱ ሙሉ ነው፣ ተመስገን!"

ቤቴን የሞላው አንድ ፍራሽ ነው። ግን ቤቱ ጠባብ ስለሆነ፣ እውነትም ሞልቶታል። ሁለቱ ጎረቤቶቼ ጋሼ የተናገሩትን ማን ይሽራል ብለው ነው መሰል፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮዋ ወደ እኔ ዞረች፤ የተባለው እውነት ነው ወይ አለችኝ። ምን ልበል? ገመናዬን ሊሸፍኑ የለፉትን ሽማግሌ በሰው ፊት ውሸታም ላድርጋቸው? አፈርኩ። የአባቴ ስም ተነስቷል፤ ኮቱም ከብዶኛል።

"ጋሼ ያሉት ነው" አልኩ።

ወይዘሮዋ ደስ አላት። ፎርሙን ወደ ጎን አድርጋ ሌላ ወረቀት ሳበች። በእውነት የተቸገሩ የማታ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፣ የመንግሥቱ አልበቃ ስላለ አቅም ካላቸው መዋጮ እየሰበሰብን ነው አለች። ጋሼ እስክሪብቶውን ራሳቸው አቀበሉኝ። ከደሞዜ እንዲቆረጥ ፈረምኩ።

እኔ ትምህርቱን አቋርጫለሁ። በእኔ መዋጮ የሚማረው ሰውዬ ግን፣ አደራ፣ ጠንክሮ ያጥና።