የለቅሶዬ ፎቶ

ሰው ለሠርጉ ሱፍ ያሰፋል። እኔ ደግሞ ለለቅሶዬ ፎቶ እየተነሣሁ ነው። ምን ያስቃል?

አፈ ከባድ ሰው ነኝ። አራተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ ወደ እርሻ መለሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ በብዛት ያነጋገርኩት በሬ ነው። በሬ መልስ አይሰጥም፤ ተስማምተን ኖርን። “ዝም አይነቅዝም” ባልኩ ቁጥር ባለቤቴ አማረች ትስቅብኝ ነበር። አሁን የሚስቅብኝ የለም፤ ለእናንተ ልጻፈው።

ልጄ ምሕረት ሐዋሳ ናት፤ ታቦር ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሥራዋ ፎቶ ማንሣት ነው። ሐይቅ ዳር ሙሽራ ካለ እሷ አለች። እናቷ በሕይወት ሳለች ሁለት ጊዜ “እማዬን ላንሣት” ብላ ካሜራዋን ይዛ ገጠር መጣች። ሁለቱንም ጊዜ የከለከልኩት እኔ ነኝ። በቆሎ እየተሰበሰበ ሴት ለባብሳ ወንበር ላይ ትቀመጣለች እንዴ? አዝመራው ይግባና ትነሣለች አልኩ። አዝመራው ገባ። አማረች ታመመች።

ለለቅሶዋ ፎቶ ሲፈለግ የተገኘው የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ብቻ ነው። ያንኑ አሳድገው ድንኳኑ ውስጥ ሰቀሉት። ፎቶው ሲያድግ ማኅተሙም አብሮ አደገና ግማሽ ጉንጯ ሐምራዊ ሆነ። ጎረቤቴ ዳንጊሶ ለቅሶ ላይ ካልቀለደ ያመዋል። “አይዞህ፤ አማረችን እዚያ በሰማይ በር ላይ ማንም አያስቆማትም፤ ማኅተም አላት” አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ምሕረት ግን አልሳቀችም። ወደ እኔም አላየችም።

እኔና ልጄ ዕድሜ ልካችንን የተነጋገርነው በእናቷ በኩል ነው። “አባትሽ እንዲህ አለ”፣ “ልጅህ እንዲህ ትላለች”። አሁን የቀረን ስልክ ነው። ስልክ ላይ ደግሞ ዝም ሲሉ ተቋረጠ ተብሎ ይዘጋል።

አንድ ቅዳሜ ኮቴን ለብሼ ታቦር ወጣሁ። ፎቶ አንሺኝ፤ ለለቅሶዬ ማኅተም አልፈልግም አልኳት። ለእሷ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

ለካ ሌንስ የላትም። እናቷ ሆስፒታል ሳለች ሸጣዋለች፤ አልነገረችኝም። የማን ልጅ ናት? ሙሽራ ሲመጣ ከጓደኛዋ እየተዋሰች ነው የምትሠራው።

ያን ጊዜ የወንድሜ ሌንስ ትዝ አለኝ። ነፍሱን ይማርና ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረው። ሲሞት ካሜራው ተበላሽቶ ሌንሱ ደኅና ስለነበር እኔ ቤት ተቀምጦ ኖሯል። ምን ታደርግበት ነበር በሉኝ። እሾህ ሳወጣ አጉልቼ አይበታለሁ። በቆሎው ነቅዞ እንደሆነም የምመረምረው በእሱ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤላት ሄጄ ይህን ስነግራት ራሷን ያዘች። “አባባ! በዚህ ዕቃ እሾህ ያወጣሉ?” አለች።

ሌንሱና ካሜራዋ የተለያየ ፋብሪካ ልጆች ስለሆኑ አይገጥሙም። ከአዲስ አበባ ቀለበት አስመጣች፤ በአንድ ፊቱ አሮጌውን፣ በሌላው አዲሱን የሚይዝ። እኔን አልገረመኝም። የአገሩን አቮካዶ ግንድ ቆርጠን የውጭውን ቅርንጫፍ እንሰካበት የለ? ካሜራው ግን ኩሩ ነው። “ሌንስ የለም” ብሎ ጻፈ። ሌንሱ አፍንጫው ላይ ተሰክቶ!

“ቀለበቱ ያጋጥማል እንጂ አያነጋግርም፣ አባባ” አለችኝ። ቁልፎቹን ነካክታ፣ ሌንስ ባይኖርም አንሣ ብላ አዘዘችው። እሺ አለ። ከዚያ በኋላ ምስሉን ማጥራት በእጅ ነው፤ ሌንሱን እያዞሩ፣ እያዩ። የሚነሣው ሰው በጣት ስፋት ወደፊት ካለ ደበዘዘ ማለት ነው። “ሙሽሮች ይቅበጠበጣሉ። ይሄ እንደ እርስዎ ድንጋይ የሆነ ሰው ነው የሚፈልገው” አለች። እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ተቀመጥኩ። አዞረች፤ መለሰች። በተሸጠው ሌንስ ቢሆን ቀጭ አድርጋ ጨርሳ ነበር። ልጄ ይህን ያህል ጊዜ ትክ ብላ አይታኝ አታውቅም። ከካሜራው ጀርባ ሆና “እማዬም እንዲህ ብትቀመጥልኝ” አለች። ምን ልበል? አይነቃነቁ ተብያለሁ። ቆይታ “አልጠራ አለኝ” አለች፤ ድምጿ ተቆራረጠ። የሌላ ቤት ሌንስ ነው፣ ቀስ ብሎ ይለምዳል አልኳት። ሌንሱ እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል። ዝም አይነቅዝም? ይነቅዛል። ከላይ ስለማይታይ ነው።

ፎቶው ደብዛዛ ወጣ። ቅዳሜ ይምጡ፣ እንደግመዋለን አለች። መጣሁ፤ ደበዘዘ። በሌላውም ቅዳሜ እንዲሁ። አሁን ምሳ ሠርታ ትጠብቀኛለች። ሌንሱን እያዞረች ስለ እናቷ ታወራለች፤ እኔ እሰማለሁ። ባለፈው ግን ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ ያኔ አዝመራው ይግባ ያልኩት ጥፋቴ ነው አልኳት። ሌንሱን መልሳ አዞረች።

“አይናገሩ፣ አባባ” አለችኝ፤ “ይነቃነቃሉ።”

ትናንት ዳንጊሶ መንገድ ላይ አገኘኝና “ፎቶው እስከ ዛሬ አልደረሰም? ሳትነሣ እንዳትሞት!” አለኝ። ልጄ ሌንሱን ገና አልለመደችውም አልኩት።

ውሸቴን ነው። ከለመደችው ቆይታለች፤ ከጣቷ አኳኋን ይታወቃል። ቁልፉን ልትጫን ስትል በጣት ስፋት ወደፊት ጠጋ የምለው እኔ ነኝ።